ለሙስታንጓ የሚሆን ፍሪሲዮን

ጄኔቫ፣ ካሩዥ፣ የካቲት 21 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተወደድሽ የካሣዬ ልጅ ሕብስት፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ የበረከት ያድርግልን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ጆሮዬ አልታዘዝ ስላለኝ ነው በጽሑፍ የማስቸግርሽ።

ለባለቤቴ ለአፀደ ሙት ዓመት ከዙሪክ ድረስ መምጣትሽን አልረሳሁም። የእኔ እናትና የአባትሽ እናት የአክስትማማች ልጆች ናቸው ስልሽ ዝምድናውን በጣትሽ ስትቆጥሪ አይቼ በልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ሲቀመጥ አንቺን አጣሁሽ፤ ጋራዥ ብወርድ ነጠላሽን አጣጥፈሽ ወንበር ላይ አድርገሽ ከመኪናዬ ከሙስታንጓ ሥር ተኝተሻል። ያን ጊዜ ነው ዘመድነታችን የገባኝ።

አሁን ሙስታንጓ አስቸግራኛለች። በመስከረም ከጎረቤቴ ከሮላን ጋር ሞተሯን አውርደን እንደ አዲስ ሠራነው። ድሮ ሁለት መቶ ሠላሳ የነበረው የፈረስ ጉልበት ከሦስት መቶ አልፏል። ፍሪሲዮኑ ግን ያው በፈረንጅ 1968 ፋብሪካው የገጠመው ዓይነት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ወደፊት አትልም፤ ሽታውም እስከ ደረጃው ይወጣል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑንም፣ የሚቀመጥበትን ከባዱን የሞተር መዘውር ቮላኖውንም አንድ ላይ ልቀይር ወስኛለሁ። ከካታሎጉ ውስጥ ለእሽቅድድም የሚሆነውን፣ ሞላው ከባድ የሆነውን፣ ቮላኖውንም ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቀላሉን አይቻለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?

ጊዜ የለኝም። የአሮጌ አሜሪካ መኪና ማኅበራችን ነሐሴ ላይ ተራራ ይወጣል። በጥቅምት ሰባ ዓመት ይሞላኛል፤ እዚህ አገር ሰባ የሞላውን ሹፌር ደግሞ ሐኪም ሳያየው መንዳት የለም። የዘንድሮው ነሐሴ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ለትንሣኤ ነይና አብረን እንግጠመው። አባትሽ ከእስር ከወጣ ወዲህ ጤናው እንዴት ነው? በሌረው፣ በሙያ ልምምዱ፣ የሚያስተምርሽን የጋራዡን አለቃ ማይስተርሽንም ሰላም በይልኝ።

አስረስ ቢረሳው


ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ፣ መጋቢት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አስረስ፣

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ። እኔ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ነው፤ ጋራዥ መዋል ጀምሯል። ስለ እስሩ አያነሣም፣ እኛም አንጠይቀውም። ሲደውል ስለ እኔ ሥራ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ዛሬ ምን ፈታሽ፣ ምን ገጠምሽ ይላል።

ስለ ፍሪሲዮኑ እውነቱን ልንገርዎት። የመረጡት የእሽቅድድም ፍሪሲዮን ሸራው፣ ማለትም የሚፋተገው ፊቱ፣ ብረት ነው። ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል እንጂ መካከል የለውም። ቀይ መብራት ላይ ቆመው ሲነሡ መኪናዋ ትዘልብዎታለች። ቀላሉ ቮላኖ ደግሞ ሞተሩን ቶሎ ያስነሣዋል፣ ቶሎም ይጥለዋል፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲነሡ ነዳጁ ትንሽ ካነሰ ይጠፋብዎታል። እሽቅድድም ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ መብረር ነው። እርስዎ ግን ተራራው ድረስ በከተማ መካከል ነው የሚሄዱት።

እኔ ብሆን የተለመደውን ለስላሳ ሸራ፣ ግን ጠንካራውን ዓይነት እመርጣለሁ። መጫኛ ሰሃኑ ሞላው እግር የማያደክም፣ ቮላኖው ከአረብ ብረት የተሠራ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ግድም ይሁን። ለሦስት መቶ ፈረስ ይበቃል። የጥንቱን ቮላኖ ግን መልሰው እንዳይገጥሙት። ብዙ ጊዜ ተልጎ ሳስቷል፤ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ቢሰነጠቅ የሚያገኘው እግርዎን ነው።

ለትንሣኤ መምጣቴን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሥራ በዝቷል። ማይስተሬ ለሰላምታዎ አመስግኗል። ደብዳቤ ሲልኩ እንደ በፊቱ በጓደኛዬ በናኒ በኩል ያድርጉልኝ።

ሕብስት ካሣዬ


ካሩዥ፣ መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ሕብስት፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። መልስሽን ሮላን ፊት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አማርኛ ባያውቅም ከፊቴ ገባው መሰለኝ ሳቀብኝ። የጻፍሽው ለሽማግሌ የሚመረጥ ፍሪሲዮን ነው። ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ከተማ አውቶቡስ የነዳ እግር ነው ያለኝ። ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ አያውቅም።

አፀደ ከሞተች ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጠዋት ትራም ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በዚያው ትራም እመለሳለሁ። ሾፌሮቹ ያውቁኛል፤ ጋሼ ዛሬም ሥራ ገቡ እንደ ማለት ያህል ጥሩምባ ይነፉልኛል። ከመኪናዋ ሥር ስገባ ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው። እና ይህን አንድ ነገር በምፈልገው መንገድ ልሥራው።

አሮጌውን ፍሪሲዮን አውርደነዋል። ሸራውን፣ መጫኛ ሰሃኑን፣ ኩሽኔታውንም በሳጥን አድርጌ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ መጠኑን እንድትለኪው።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ያ ከባዱ ሞላ ፔዳሉ ላይ ስንት ኪሎ ይሆናል? በእጅ የሚሠራ ፍሪሲዮንስ አለ የሚባለው እውነት ነው? ሮላን ጠይቆኝ ነው፤ እሱ ጉልበቱን ያመዋል።

ለትንሣኤ እጠብቅሻለሁ።

አስረስ


ዙሪክ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አስረስ፣

ለሰሙነ ሕማማቱ ብርታቱን ይስጥዎ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳጥኑ በደህና ደርሶኛል። በናኒ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ከፈትኩት፤ ሽታው አልተስማማትምና መስኮቱን ሁሉ ከፈተችው።

ለትንሣኤ መምጣት አልችልም። አይዘኑብኝ።

ከእርስዎ ሌላ መኪናዋን የሚነዳ ሰው አለ? ይህን እስኪመልሱልኝ እባክዎ ምንም እንዳይገዙ።

ሕብስት


ካሩዥ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለሕብስት ካሣዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በግ አላረድኩም፤ ከሮላንና ከሚስቱ ጋር ዶሮ በልተን ዋልን። የአንቺ ወንበር ባዶ ነበር።

ከእኔ ሌላ ማንም አይነዳትም። ለምን እንደ ጠየቅሽኝ አልገባኝም። ዕቃውንም ገዝቼዋለሁ፤ ደብዳቤሽ ሲደርስ ታዝዞ ነበር።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ሥራ በዛብኝ ስትይኝ ማይስተርሽ ሁለት ቀን ፈቃድ እንዲሰጥሽ ልለምንልሽ ብዬ ኦፕፊኮን ወዳለው ወደምትሠሪበት ጋራዥ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ። ሰውዬው በጀርመንኛ መለሰልኝ፤ የሮላን ሚስት ተረጎመችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሕብስት ከጥር መጨረሻ ጀምሮ እኛ ዘንድ የለችም። እንድትቀጥል ጽፈን ጠይቀን ነበር፣ አልተፈቀደም። ያለችበትን ካወቁ መሣሪያዎቿን እንዳስቀመጥንላት ይንገሩልን።»

ሁለት ወር ሙሉ ማይስተሬ አመሰገነ፣ ሥራ በዛ እያልሽ ትጽፊልኛለሽ። እኔ ሩቅ ዘመድ ነኝ፤ ጉዳይሽን ሁሉ ንገሪኝ ልልሽ አልችልም። ግን እየበላሽ ነው? የት ነው የምትውይው?

አስረስ


ዙሪክ፣ ግንቦት 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አስረስ፣

ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዛሬ ሰላምታዬን ከዚህ ሌላ በምን እንደምጀምር አላውቅም።

የጥገኝነት ጥያቄዬ የይግባኝ መልስ የመጣው ከእርስዎ ቤት በተመለስኩ በአሥረኛው ቀን ነው። አምስት ገጽ ነው። በ97 ምርጫ ታዛቢ ነበርኩ ያልኩት አልታመነልኝም። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ አራት ጠረጴዛ ነበር ብያለሁ፤ ከዓመት በኋላ በሁለተኛው አምስት። የትኛው ልክ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ የማየው የሰዉን ፊት ነበር። አባቴ ስለ መታሰሩም ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ሲወስዱት ማን ወረቀት ሰጠን?

በዚያው ቀን የመሥራት ፈቃዴ ቀረ። አውስቫይሴን፣ የመኖሪያ መታወቂያዬን፣ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ጣቢያው ላይ ፖሊሶች የእኛን መልክ ያለውን ለይተው ነው ወረቀት የሚጠይቁት። ለትንሣኤ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ናኒ ሆቴል ክፍል ልታጸዳ በጠዋት ስትወጣ እኔ ቤት እቀራለሁ። ደረጃው ላይ ጫማ በተሰማ ቁጥር እነሣለሁ፤ ዳቦ ልቆርጥ ተነሥቼ ቢላዋውን ይዤ መስኮት ላይ የምገኝበት ቀን አለ። አንዳንዴ ወደ ጣሊያን ልሂድ እላለሁ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅና መልሼ እፈታዋለሁ። አባቴ ደውሎ ዛሬ ምን ገጠምሽ ሲለኝ ከእርስዎ ደብዳቤ አወጣለታለሁ። አንድ ወር ሙሉ የእርስዎን ቮላኖ ነው የገጠምኩለት።

እንግዲህ እውነቱን ነግሬዎታለሁ። አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ።

የላኩልኝን ሳጥን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። የሞተር ጉልበት ሲበዛ ሸራ ያቃጥላል፤ ሸራዎ ተቃጥሏል፣ ልክ ነው። ግን የመጫኛ ሰሃኑ ሞላ ጫፎች ተበልተዋል። ኩሽኔታውም አልቋል። ይህን የሞተር ጉልበት አያደርገውም። ይህን የሚያደርገው ፔዳሉ ላይ ተጋድሞ የሚቀር፣ ሳይነሣ የሚከርም እግር ነው። አውቶቡስ ሃያ አምስት ዓመት የነዳ ሰው እግሩን እንዲህ አይተውም፤ የተወው እንደሆነ መተዉን ስላላወቀው ነው። ፔዳሉ ስንት ኪሎ ይሆናል ብለው የጠየቁኝም ለሮላን አይደለም።

ግራ እግርዎን ምን ሆነዋል፣ ጋሼ?

የእኔ ውሸት ቢጎዳ እኔን ነው። የእርስዎ ግን መንገድ የሚሻገርን ሰው ይጎዳል። ያን ከባድ ፍሪሲዮን እንዳይገጥሙት።

ሕብስት


ከማገገሚያ ቤት፣ ሎዛን አጠገብ፣ ሰኔ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕብስት፣

በሕይወት ስላለሁ፣ ማንም ስላልሞተ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ጽሕፈቴ ቢጎረብጥሽ አልጋ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተቆጣሁ። አንዲት ልጅ ከዙሪክ ሆና እግሬን በተቃጠለ ሸራ ታነበዋለች ብዬ ተናደድኩ። ፍሪሲዮኑን ከሮላን ጋር በሦስት ቀን ገጠምነው። ከባዱን፣ እኔ ያልኩትን። ግንቦት 24፣ እሑድ፣ ለማንም ሳልናገር ወደ ዙሪክ ተነሣሁ። ሐሳቤ በርሽ ላይ ደርሼ ጥሩምባ ልነፋልሽና እግሬ ደህና መሆኑን ላሳይሽ፣ ከዚያም አንቺን ይዤ ልመለስ ነበር። መኪና ውስጥ ማንም ወረቀት አይጠይቅሽም አልኩ።

ከሎዛን ወጣ እንዳልኩ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ዳገት ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ፔዳሉን ረግጬ ቆምኩ። መብራቱ ረጅም ነበር። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እሱንም አቆመ፣ ምንም አልሰማኝ አለ። ካምቢዮውን ነፃ ላደርግ እጄን ስሰድ እግሬ ተንሸራተተ። አንቺ እንዳልሽው፣ ያ ሸራ መካከል የለውም። መኪናዋ ዘለለች። ማቋረጫውን ጥሳ የብረት ምሰሶ መታች፤ ቁልፉን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ገና ከማቋረጫው መውጣቷ ነበር። የጋሪው የኋላ ጎማ አስፋልቱን ለቆ አልጨረሰም። ቆማ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ አወጣው። ባለፈው ጥቅምት ጋራዥ ውስጥ ወድቄ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል መናገር አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ዝም አልኩ። ለሮላንም አልነገርኩትም። ትንሽ ስትሮክ ነው አለኝ ሐኪሙ፣ ግራ እግርህ ከዚያ ወዲህ ግማሹ የለም አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ትናንት በሮላን እጅ መልሼ ላክሁት። እስኪወስዱብኝ አልጠበቅሁም።

እኔ ስለ አንድ ነሐሴ ስል ያን ሕፃን ልገድለው ነበር። ይህን ለቄስ ከመናገሬ በፊት ለአንቺ ልናገር።

ሮላን ሙስታንጓን ጭኖ ካሩዥ መልሷታል፤ መከላከያዋና የፊት መብራቷ ተጎድቷል። ከእንግዲህ እኔ አልነዳትም። ግን ማንም ቢነዳት እንዳትዘልበት እፈልጋለሁ። የቤቴ ቁልፍ ሮላን ጋ አለ። መምጣቱን የምትችይ ከሆነ ነይና የሚሆናትን ምረጪላት። ብትፈሪ አልፈርድብሽም፤ እኔም ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

አስረስ


ካሩዥ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ እግርዎንም ያጽናልዎ። ይህን የምጽፈው ከእርስዎ ወጥ ቤት ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ሳምንት ስነሣ ስቀመጥ ከረምኩ። ሰኔ 28 ጠዋት ናኒ ቲኬቱን ቆርጣ እጄ ላይ አስያዘችኝና ሥራዋ ሄደች። ተሳፈርኩ። በርንን እንዳለፍን ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ከፊት ለፊቴ አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ሶማሌ መሰለኝ። ወረቀት ጠየቁት፣ አልነበረውም፣ ይዘውት ወረዱ። እኔን አዩኝ፣ ጋዜጣ ዘርግቼ ነበር፣ አለፉኝ። ትንፋሼ ተመለሰልኝ፤ ወዲያው ደግሞ በሰውዬው መወሰድ ደስ እንዳለኝ ገባኝና እስከ ጄኔቫ ድረስ አለቀስኩ።

ስለ ሥራው ልንገርዎት። ካምቢዮውን ለማውረድ ከሮላን ጋር አንድ ቀን ፈጀብን። የአሉሚኒየሙን ቮላኖ አወጣን፤ የሸጠልዎት ሰው የተሠራበት አንድ ቀን ብቻ ነው ስንለው ዋጋ ቀንሶ ለወጠልን። አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩሉን የአረብ ብረት ቮላኖ አስገባሁ። ሸራው ለስላሳ ነው፣ ግን ሦስት መቶ ሃምሳ ፈረስ ይችላል። ከፔዳሉ እስከ ኩሽኔታው ድረስ የነበረውን ዘንግ አውጥቼ በዘይት ግፊት የሚሠራ አደረግሁት። ብሎኖቹን ሁሉ መጽሐፉ በሚለው ልክ፣ በየተራ፣ በመስቀለኛ አጠበቅሁ። ሲያልቅ ፔዳሉን በመዳፌ ተጫንኩት፤ ወረደ። ሮላን በሰፈሩ አዙሯት ተመለሰ፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነሣ፣ አልተነቀነቀችም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ሲዞር ድምፁ ሰላማዊ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ እጄ ዘይት ነካ። ያን ዕለት እንቅልፍ እንደ ድሮዬ ያዘኝ።

ማታውን አባቴ ደወለ። ዛሬ ምን ገጠምሽ አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ነገርኩት፤ ጋራዡን፣ አምስቱን ገጽ፣ አራቱንና አምስቱን ጠረጴዛ። «ሲፈቱኝ የሰጡኝ ወረቀት አለ እኮ» አለኝ። «የገባሁበትም የወጣሁበትም ቀን፣ ክሱም ተጽፎበታል። የሚፈለግ መሆኑን መች ነገርሽኝ?» ኩራት እንዲሰማው ብዬ ነበር የደበቅሁት፤ ወረቀቱ ዓመት ሙሉ እሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ፋክስ አደረገልኝ። ዋናው በሰው እጅ ይመጣል። እዚህ ሮላን የሚያውቃት የሕግ አማካሪ ዘንድ ሄድን። ያለቀ ጉዳይ ለማስከፈት ከባድ ነው አለችኝ፤ ተስፋ አብዝታ አልሰጠችኝም። ግን አዲስ ማስረጃ ነውና ይታይልን ብለን ሰኞ ማመልከቻውን እንልካለን። እኔም ከእንግዲህ ወደ ጣሊያን አልሄድም፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን እዚህ ቁጭ ብዬ እቀበለዋለሁ።

ማመልከቻው ላይ መልስ የሚላክበት አድራሻ የሚል ቦታ አለ። ናኒን ችግር ውስጥ መክተት አልፈለግሁም። የእርስዎን ቤት ጻፍኩ። ሳልጠይቅዎ ነው፤ ካልፈለጉ እስከ ሰኞ ድረስ ይንገሩኝና እሰርዘዋለሁ።

ሕብስት


ከማገገሚያ ቤት፣ ሐምሌ 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ሕብስት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን በሮላን እጅ የላክሁት ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ ነው።

አትሰርዢው። ነገር ግን እዚህ አገር ስሙ ሳጥኑ ላይ ለሌለ ሰው ፖስተኛው ደብዳቤ አይጥልም፤ መልሶ ይልከዋል። የእኛ ሳጥን ላይ ሁለት ስም ነው ያለው፣ የእኔና የአፀደ። ሮላን ሁለት ጊዜ የእሷ ስም ይነሣ ብሎኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ።

ካቻቢቴ ይዘሽ ውረጂ። ሁለት ትንንሽ ብሎን ነው። የእሷን ቀስ ብለሽ አውጪና አልጋዬ አጠገብ ባለው መሳቢያ አስቀምጪልኝ። በእሷ ቦታ የአንቺን ግጠሚ።

አስረስ